የጎደለው ቁና

እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቷል። ምእመናን ጠበል ጻዲቅ ቀምሰው ሻይ በሚጠጡበት አዳራሽ አንዲት እናት ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ። ለንደን ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። መሀል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ጽዳት ይሠራሉ፤ ከደቡብ ዳርቻ በየማለዳው በባቡር ይመላለሳሉ። ስልኩ ላይ ከባቡር ድርጅቱ የመጣ መልእክት ነበር፤ ባቡሩ ስለዘገየ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ይኼን ብጠይቅ ልመና አይሆንብኝም? ደርሻለሁ እኮ። ዘግይተውም ቢሆን አድርሰውኛል» አሉኝ።

«መብትዎ ነው፣ ይጠይቁ» ብዬ ልሸኛቸው እችል ነበር። ብዙ ሰው የሚመልሰው እንደዚያ ነው። የእሳቸው ሐሳብ ግን ከዚያ ይጠልቃል። የማን እንደሆነ ያላረጋገጠውን ገንዘብ ላለመንካት የሚጠነቀቅ ሕሊና ነው ያናገረኝ፤ እንዲህ ያለ ሕሊና ተገቢ መልስ ይገባዋል። ጥያቄያቸውም ከአንድ ትኬት አልፎ ይሄዳል። ባቡር ሲጨናነቅ፣ ሲዘገይ፣ ሲሰረዝ ድርጅቱ ዋጋ መቀነስ አለበት ወይ? ይቀንስ ከተባለ ለማን? ስንት? ከማን ኪስ? እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ዓመታትና ሰዓታት፣ ስለ አዲስ አበባ ከምናገረው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ገበያ እንውረድ። ጤፍ የምትገዛ ሴት ነጋዴው ቁናውን ሞልቶ ከሰፈረላት በኋላ በእፍኙ ትንሽ ይጨምርላታል። ምርቃት እንለዋለን። ምርቃት ደግነት ነው፤ ቢከለክላት ቅር ይላት ይሆናል እንጂ አትከስሰውም። ቁናው እስከ ወገቡ ብቻ ተሰፍሮ ቢሆንስ? ያን ጊዜ በእፍኙ የሚጨምርላት ምርቃት አይባልም። የራሷ ጤፍ ነው፤ ዋጋውን ከፍላበታለች፤ እስኪሞላ ቆማ ታስሰፍራለች። ነጋዴው እየሞላ «እንቺ ብዬሻለሁ፣ መርቄሻለሁ» ቢላት ሁለተኛ በደል ጨመረ፤ የወሰደባትን ሲመልስ ምስጋና እየጠየቃት ነውና። ሁለቱን መለየት የትምህርታችን መሠረት ነው። ዕዳና ምጽዋት በአንድ እጅ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በአንድ ስም ሊጠሩ ግን አይገባም።

አሁን ከባዱ ይመጣል። በባቡር ጉዞ ቁናው የቱ ነው? ጤፍ ይታያል፣ ይዳሰሳል፤ ቢጎድል ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጉዞ ግን ሲገዙት ገና ያልተፈጸመ ነገር ነው። ትኬት የያዘ ሰው በእጁ ያለው ተስፋ ነው፤ ከዚህ ሰዓት እዚህ ጣቢያ አንሥቼህ በዚህ ሰዓት እዚያ አደርስሃለሁ የሚል ተስፋ። ስለዚህ የባቡር ቁናው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ሰሌዳውን ማንም አስገድዶ አላወጣበትም፤ ድርጅቱ ራሱ አዘጋጅቶ፣ አሳትሞ፣ በየጣቢያው ሰቅሎ፣ ዋጋ የቆረጠበት መስፈሪያ ነው። በዚያ መስፈሪያ ሸጦ በሌላ ካስረከበ ቁናው ጎድሏል።

መቀመጫስ? እዚህ ላይ የብሪታንያ የባቡር ጉዞ ውል ቃሉ ግልጽ ነው፤ መቀመጫ አስቀድሞ ካልተያዘ በስተቀር ትኬት መያዝ ብቻውን መቀመጫ አያስገኝም። ድርጅቱ «እኔ የሸጥኩልህ መድረስን ነው፣ መቀመጥን አይደለም» ሊል ይችላል። በውሉ ቃል ከሄድን አልዋሸም። ነገር ግን ያው ውል ሌላም ነገር ይናገራል። የአንደኛ ማዕረግ ትኬት የገዛ ሰው፣ አለ የተባለው አንደኛ ማዕረግ ሳይኖር ቀርቶ በተራው ክፍል ከሄደ፣ የዋጋውን ልዩነት ተመላሽ የመጠየቅ መብት አለው። እዚህ ጋ ቆም ብለን እናስብ። ምቾት ዋጋ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ለዚያ ሰው ምን ይመለስለት ነበር? ድርጅቶቹ የምቾትን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ያውቁታል። ለባለ አንደኛ ማዕረጉ ሲሆን ይሰላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ከበሩ ተለጥፈው አርባ ደቂቃ ሲቆሙ ግን ስሌቱ ይረሳል።

ኦሪት ዘዳግም በከረጢትህ ሁለት ዓይነት ሚዛን አይኑርህ ብላ ትከለክላለች፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ለምን ሁለት? ነጋዴው ሲገዛ በትልቁ ይቀበላል፣ ሲሸጥ በትንሹ ይሰጣል። ልጅ ሳለሁ ይህን ስማር የድሮ ገበያ ታሪክ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በባቡር ጣቢያ አየዋለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ትክክለኛ ትኬት ሳይዝ የተገኘ መንገደኛ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ፣ 100 ፓውንድ ቅጣት በጉዞው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ሊቆረጥበት ይችላል፤ በ21 ቀን ውስጥ ከከፈለ ቅጣቱ ወደ 50 ይወርድለታል። ይህ መንገደኛው ሲያጎድል የሚሰፈርበት ቁና ነው። ድርጅቱ ሲያጎድልስ? ዲሌይ ሪፔይ በሚባለው አሠራር፣ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ፣ 15 ደቂቃ ከዘገየ የአንድ ጉዞ ዋጋ ሩቡን፣ 30 ደቂቃ ከሆነ ግማሹን፣ አንድ ሰዓት ከሞላ ሙሉውን ይመልሳል፤ የደርሶ መልስ ትኬት ሙሉ ዋጋ የሚመለሰው ሁለት ሰዓት ሲዘገይ ነው። ያውም መንገደኛው ራሱ በ28 ቀን ውስጥ ማመልከቻ ሞልቶ ከጠየቀ። ያለ ትኬት መሳፈር ስርቆት ነው፤ ይህን ለልጆቻችን አጥብቀን እናስተምራለን። ስርቆትን አንዱ ሲያደርገው መቶ፣ ሌላው ሲያደርገው ሩብ የሚያሰፍር ሚዛን ግን ከዚያ ከተከለከለው ከረጢት የወጣ ነው።

«ስርቆት» ማለቴ የሚከብደው ይኖራል። ባቡር የሚዘገየው በረዶ ሲወርድ ነው፣ ዛፍ ሐዲድ ላይ ሲወድቅ ነው፣ የምልክት መብራት ሲበላሽ ነው፤ ሁሉ ጊዜ በክፋት አይደለም። እውነት ነው። ስለዚህ በደልንና ዕዳን እንለያይ። አንድ ሸማኔ ለፋሲካ ጋቢ አደርስልሃለሁ ብሎ ዋጋውን ተቀበለ እንበል። ቤቱ ተቃጠለና ጋቢው ቀረ። ሸማኔው ምን በደለ? ምንም። ልናዝንለት፣ ልንረዳውም ይገባል። ግን ለጋቢው የተቀበለውን ገንዘብ ጋቢው ሳይኖር የራሱ ሊያደርገው ይችላል? አይችልም። በደል የለበትም፤ ዕዳው ግን አለ። ዲሌይ ሪፔይ አንድ የማመሰግንበት ነገር አለው፤ የመዘግየቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን ይከፍላል። በረዶም ቢሆን፣ የሥራ ማቆም አድማም ቢሆን። የዚያን አሠራር ረቂቅ የጻፈው ሰው የሸማኔው ነገር በደንብ ገብቶታል።

በደልና ዕዳ የተገናኙበትን ጊዜ ደግሞ እንይ። ግንቦት 20 ቀን 2018 በብሪታንያ አዲስ የጊዜ ሰሌዳ ሥራ ላይ ዋለ። ለውጡ በተለመደው ጊዜ ከሚደረገው አራት እጥፍ ያህል ነበር። በሰሜን በኩል የሐዲድ ኤሌክትሪክ ሥራ ስለዘገየ ሰሌዳው በጥድፊያ እንደገና ተሠርቷል፤ በደቡብ በኩል ጎቪያ ቴምስሊንክ የተባለው ድርጅት አዲሱን መስመር የሚያውቁ ነጂዎች በሚያስፈልጉበት ቦታ በበቂ ቁጥር አልነበሩትም። በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባቡሮች ተሰረዙ፤ ይህም ለሳምንታት ዘለቀ። ሰው ልጁን ከመዋያ የሚያነሣበት ሰዓት አለፈው፤ ሥራ የጀመረ ሰው በገባ በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በሰሜን የሚሠራው ኖርዘርን የተባለው ድርጅት ወደ ዊንደርሚር ከተማ የሚወስደውን የ16 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ጭራሹን አቋርጦ ሰዉን ወደ አውቶቡስ መለሰው። ያን ጊዜ የድሮ ባቡሮችን የሚያንቀሳቅስ አንድ ትንሽ ኩባንያ መጥቶ ለሁለት ሳምንት ያህል መንገደኛውን በነፃ አመላለሰ። ትልቁ ያቃተውን ትንሹ ሠራው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ጉዳዩን ያጣራው በስቲቨን ግላይስተር የተመራው ኮሚቴ ነበር። የደረሰበት መደምደሚያ ባጭሩ፣ ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ነበር፤ አጠቃላዩን ኃላፊነት የወሰደ አንድም አልነበረም የሚል ነው። የባቡር ኩባንያው ወደ ሐዲዱ አስተዳዳሪ፣ እሱ ወደ መንግሥት፣ መንግሥት መልሶ ወደ ኩባንያው ጣቱን ቀሰረ። መንገደኛዋ ግን የከፈለችው ለአንድ ሰው ነው፤ ትኬቷ ላይ ሦስት ስም አልተጻፈም። ከውስጥ ማን ለማን እንደሚከፍል የእነሱ ጉዳይ ነው፤ ከእሷ ጋር ያለው ሒሳብ በተቀበላት እጅ ይዘጋል። ለወርና ለዓመት ትኬት ባለቤቶች እስከ አንድ ወር የሚደርስ ልዩ ካሳ ተሰጠ፤ መልካም ሆነ። ከዚያ ጥር 2019 ሲገባ የባቡር ዋጋ በመላ አገሪቱ በአማካይ 3.1 በመቶ ጨመረ።

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጉ ነበር፤ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፣ ዋጋውን ያስወድዳሉ። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሊመጣ ይችላል፤ ሰብል ሲጠፋ ዋጋ ይወደዳል፣ ነጋዴው ሲሳሳት ቁና ይጎድላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ነቢዩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔም የዚያን ዓመት ጭማሪ ሳስብ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ። ጭማሪው በዋጋ ግሽበት ቀመር የተሰላ ነበር፤ ቀመሩን ያወጣው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ቀመሩ ያላየው ነገር ግን ለሳምንታት የቆሙት ሰዎች መኖራቸውን ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የማያወላውል መልስ አለኝ፤ ቁናው ጎድሎ ሳለ ዋጋ መጨመር አይገባም። ስለ ቅነሳው ብንከራከር እንኳ ስለ ጭማሪው ክርክር የለም።

ዕዳ እንዴት ይመለሳል? ኦሪት ዘሌዋውያን ባልንጀራውን ያታለለ ሰው የወሰደውን ሙሉውን እንዲመልስ፣ አንድ አምስተኛም እንዲጨምርበት፣ መሥዋዕቱን በሚያቀርብበት ዕለት ለባለቤቱ እንዲሰጠው ታዝዛለች። ሦስቱን ነገር ልብ በሉ። ሙሉውን ከነጭማሪው፤ ለባለቤቱ፤ በዕለቱ። ለባለቤቱ የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ጎቪያ ቴምስሊንክ በዚያ ቀውስ ለመንገደኛ ተገቢ መረጃ ባለመስጠቱ በ2019 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ቅጣት የሚገባው ግን ለመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። መንግሥት አልዘገየም፣ አልቆመም፣ ከሥራ አልተባረረም። ከአንዲት መበለት የተወሰደ ጤፍ ለዳኛው ቤት ተላከ ማለት ነው። ቅጣቱ ይኑር፤ መመለስን ግን አይተካም።

በዕለቱ የሚለውም የዋዛ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ኦሪት ያዘዘችው ድሃ ነገ የሚበላው ዛሬ በእጁ ሊኖር ስለሚገባ ነው። በ2018 በተደረገ ጥናት ካሳ ከሚገባቸው መንገደኞች ውስጥ የጠየቁት ከ10 አራት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ስድስቱስ? አንዱ አያውቅም፣ አንዱ ቅጹ ያስፈራዋል፣ አንዱ ለሦስት ፓውንድ ጊዜ የለኝም ይላል፤ አንዷ ደግሞ ልመና ይሆንብኛል ብላ ትተወዋለች። የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ የት ሄደ? ካጎደለው ዘንድ ቀረ። ባለ ዕዳ «ከጠየቅኸኝ እከፍልሃለሁ» ማለት አይችልም። ሒሳቡን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ባቡሩ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ማስረጃ አለ። ከለንደን ወደ ኤሴክስ የሚሄደው ሲቱሲ የተባለው ድርጅት በ2016 ለተመዘገቡ የካርድ ተጠቃሚዎቹ፣ ባቡሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲዘገይ፣ ለእያንዳንዷ ደቂቃ 3 ሳንቲም በራሱ ጊዜ ሒሳባቸው ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ማመልከቻ የለም፣ ልመና የለም። ሦስት ሳንቲም ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከብዙ ሺህ ፓውንድ በላይ አከብራታለሁ፤ ሳይጠየቅ የመጣ ዕዳ ናትና።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «እንግዲህ ሲጨናነቅም ለሁሉ ይቀነስ» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር እለያያለሁ፤ ምክንያቴን እስከ መጨረሻው እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ። ጀርመን ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2022 በወር 9 ዩሮ ብቻ ከፍሎ በመላ አገሪቱ በከተማና በክልል ባቡሮች መመላለስ የሚያስችል ትኬት አወጣች። ኑሮ ለከበደበት ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ወደ 52 ሚሊዮን ትኬት ተሸጠ። ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄዱት ባቡሮች ግን የእግር መቆሚያ እስኪጠፋ ሞሉ፤ ብስክሌት የያዘ፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ከበር ተመለሰ። ለድሃ በተደረገው ደግነት አልከራከርም። የሞላን ቤት በር በሰፊው መክፈት ግን ውስጥ ላለው እፎይታ አይሆነውም። መጨናነቅን በአጠቃላይ ቅናሽ ማከም ቁስልን በቁስል መሸፈን ነው።

ስለዚህ መጨናነቅን ሁለት አድርገን እንየው። ስምንት ፉርጎ ሊመጣ የሚገባው ባቡር አራት ፉርጎ ሆኖ ሲመጣ፣ ወይም የፊተኛው ተሰርዞ የሁለት ባቡር ሰው በአንዱ ሲታጨቅ፣ ያ ያው የጎደለ ቁና ነው፤ መንስኤው ድርጅቱ ዘንድ ነው፤ በዚያ ባቡር ለቆመው ሰው ሊመለስለት ይገባል። በሌላ በኩል ባቡሩ በሰዓቱ፣ በሙሉ ፉርጎው መጥቶ ሰው ስለበዛ ብቻ ቢሞላ፣ ይህ እጥረት ነው። ለእጥረት የሚገባው ካሳ ሳይሆን ማስፋት ነው፤ ፉርጎ መጨመር፣ ሐዲድ ማደስ፣ ነጂ ማሠልጠን። የብሪታንያ የሸማቾች ሕግም አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄ ካልተሰጠ ዋጋ የማስቀነስ መብትን ያውቃል፤ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ በባቡር ላይም ይሠራል። ጥንቃቄ የጎደለበትንና ሰው የበዛበትን መለየት ግን ለአንዲት መንገደኛ ከባድ ነው። ያንን መለየት ያለበት ሒሳቡን የያዘው ነው።

በሰዓት ከፋፍሎ መቀነስስ? ሲንጋፖር ከሰኔ 2013 ጀምሮ ከጠዋቱ 7፡45 በፊት መሀል ከተማ ለሚደርስ መንገደኛ ባቡሩን ነፃ አደረገች፤ በ2017 መጨረሻ ላይ በቅናሽ እስኪተካ ድረስ። ከተጨናነቀው ሰዓት የወጡት 7 በመቶ ያህል ነበሩ። ጥቂት ቢመስልም በር ላይ ለቆመው ሰው አንድ ክንድ ቦታ ነው። ይህን እወደዋለሁ፤ ቅናሹ ሰውን ወደ ባዶው ፉርጎ ይጠራል እንጂ ወደ ሞላው አይጨምርም። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ሰዓቱን መምረጥ የሚችለው ማን ነው? ቢሮ ያለው ሰው ሲመቸው ይገባል። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ የሕንጻ ጥበቃ፣ ምግብ ቤት የሚሠራው ወንድማችን ሰዓታቸውን የሚቆርጥላቸው ሌላ ነው። የጠዋቱ ትኬት ከሌላው ሰዓት ሲወደድ ጭማሪውን የሚሸከሙት ምርጫ የሌላቸው ናቸው። ስኮትላንድ ሁለት ጊዜ ካሰበችበት በኋላ ከመስከረም 2025 ጀምሮ በስኮትሬይል ባቡሮች ላይ ይህን የሰዓት ልዩነት ጨርሳ አንሥታለች። እኔ ሁለቱን ባስታርቅ ደስ ይለኛል፤ በማለዳ የሚሄድ ይቀነስለት፣ በጭንቅ ሰዓት የሚሄደው ግን ከመደበኛው በላይ አይጨመርበት።

ከማን ኪስ የሚለው ቀረን። ብዙ ሰው ተመላሽ ከተከፈለ ለጥገና የሚሆን ይጠፋል፣ ባቡሩም ይበልጥ ይበላሻል ይላል። ክብደት ያለው ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ብዙዎች የማያውቁት አሠራር አለ፤ ሐዲዱን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል መዘግየቱ በእሱ በኩል ሲሆን ለባቡር ኩባንያዎቹ በውል የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ስለ መዘግየት ገንዘብ ቢሮ ለቢሮ ይዘዋወራል ማለት ነው። በድርጅቶች መካከል በደቂቃ የሚሰላ ዕዳ ለመንገደኛዋ ሲሆን ለምን በማመልከቻ ይሆናል? ዘኬዎስ ቀራጩ ጌታ ቤቱ በገባ ዕለት አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ከራሱ ሀብት ነበር ያለው፤ በማግስቱ የቀረጡን መጠን ጨምሮ አልነበረም። የትርፍ ክፍፍልና የአለቆች ጉርሻ ሳይነካ ካሳው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ላይ የሚጫን ከሆነ መንገደኛው ለራሱ ካሳ ራሱ ከፈለ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ባቡሮቹ ወደ መንግሥት እጅ መመለሳቸው ነው። ኖርዘርን በመጋቢት 2020 ተመለሰ፤ ሌሎቹም በ2024 በወጣው ሕግ መሠረት ተራ በተራ እየተመለሱ ነው። አሁን ተመላሹን የሚከፍለው የጋራ ካዝና ነው፤ በዚያ ካዝና ውስጥ ባቡር ጨርሶ የማትሳፈር የገጠር አሮጊት ግብርም አለ። ይህን ስመዝን እንቅልፍ የነሣኝ ሌሊት አለ። የደረስኩበት ይህ ነው። ለጎደለው ቁና የሚመለሰው ዕዳ ከጋራ ካዝናም ቢሆን ይከፈል፤ ሻጩ መንግሥት ቢሆንም ሻጭ ነው። ለሁሉ የሚደረግ አጠቃላይ ቅናሽ ግን ምጽዋት ስለሆነ ሕዝቡ ተማክሮ ይወስነው፤ ማን ከማን እንደሚሰጥ ይታወቅ። መንግሥት በኅዳር 2025 በእንግሊዝ የሚቆጣጠራቸው የባቡር ዋጋዎች እስከ መጋቢት 2027 እንዳይጨምሩ ወስኗል፤ በ30 ዓመት የመጀመሪያው ነው ተብሏል። በ2019 ያልተደረገው ዘግይቶም ቢሆን ተደረገ።

አዲስ አበባ ያሉ ወገኖቼ «የእኛስ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙዎቹ ቆሙ፤ የቀሩት ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚሄድባቸው ሆኑ። እዚያ ከጥቂት ብር ላይ ምን ይቀነሳል? ከአያት ወይም ከቃሊቲ በማለዳ የሚነሣው ሠራተኛ የሚፈልገው በሰዓቱ የሚመጣ ባቡር ነው። ዕዳ በገንዘብ ብቻ አይከፈልም፤ አንዳንዴ የሚመለሰው ብሎን ነው፣ ጎማ ነው፣ የሠለጠነ መካኒክ ነው። ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ስለ ቅናሽ መጮህ የእውነተኛውን ዕዳ መዝገብ መዝጋት ይሆናል።

ለመንገደኛውም አንድ ቃል አለኝ፤ አጭር ነው። ያልተሳፈሩበትን ባቡር ተሳፍሬበት ነበር ብሎ ካሳ መጠየቅ የቁና ማጉደል ነው፤ በዚህ አንጫወት። ትኬት ቆራጩ ላይ አንጩህ፤ እሱም እንደ እኛው ጠዋት በዚያው ባቡር ቆሞ የመጣ ነው።

ለእኚያ እናት ያልኩት ይህን ሁሉ አይደለም፤ ስለ ጤፉና ስለ ምርቃቱ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው የራሴ ነው» አሉ። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ትኬቷን ከጸሎት መጽሐፋቸው መሀል መዘው ሰጡኝ። የተነሡበትን ጣቢያ፣ ሰዓቱን፣ የዘገየበትን ደቂቃ ሞላን፤ 34 ደቂቃ፣ የስድስት ፓውንድ ግማሽ፣ ሦስት ፓውንድ። ላኩት የሚለውን ከመጫናቸው በፊት ጣታቸውን አንሥተው ቅጹን ወደ ላይም ወደ ታችም ገፉት። «ማክሰኞ ዕለትስ?» አሉኝ። «ሰዓቱን ጠብቆ ነው የመጣው፤ ግን በአራት ፉርጎ ነበር። እስክወርድ ቆሜ ነው የሄድኩት፤ ጉልበቴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። እሱን የት ነው የምጽፈው?»

አብረን ፈለግን። የዘገየ የሚል ሳጥን አለ፤ የተሰረዘ የሚል ሳጥን አለ። ከዚያ በታች የባንክ ቁጥራቸውን ይጠይቃል።